ከሜዳ ወደ ጽሕፈት ቤት፦ ኡሊ ሆኔስ በባየርን ሙኒክ አመራር፣ ከ1979 እስከ 2019



 የዛሬው ንግግሬ ርእስ ስፖርት ይመስላል፤ በመሠረቱ ግን የአስተዳደር ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ኳስ በመጫወት ስም ያተረፈ ሰው ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ክለብ እንዲመራ ሲሾም፣ ክለቡ በእርግጥ የሚያገኘው ነገር ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ በየመንደሩም በየጉባኤውም የሚሰጡ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው፣ «ኳስን የሚያውቀው የተጫወተው ነውና ክለብም ለኳሰኛ ይሰጥ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ኳሰኛ በሜዳ ያለውን ሠርቷል፤ ሒሳብና ውል ለተማረ ሰው ይተው» ይላል። ሁለቱም ከእውነቱ ከፊሉን ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ያልፉታል። የእኔ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው። የቀድሞ ተጫዋች ወደ ጽሕፈት ቤት ይዞት የሚገባው ትልቁ ሀብት የኳስ ዕውቀቱ ሳይሆን ስሙ ነው። ስም ማለት ሰዎች ገና ሥራውን ሳያዩ አስቀድመው የሚሰጡት እምነት ነው። ይህ እምነት ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው፤ የመክፈያ ጊዜም አለው። ጎበዝ የሆነ አመራር ብድሩ ሳያልቅ ስሙን ወደ ውል፣ ወደ ንብረትና ወደ ደንብ ይለውጠዋል፤ ማለትም እርሱ በሌለበት ጊዜም ወደሚሠራ ነገር። ስም ፈጽሞ የማይችለው ነገር ደግሞ አንድ ነው፤ ራሱን መቆጣጠር አይችልም።

ይህን ለማሳየት የመረጥሁት የጀርመናዊውን ኡሊ ሆኔስን ታሪክ ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት የመከራከሪያዬን ሁለቱንም ወገን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ማየት ስለሚቻል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

ስለ ተጫዋችነት ዘመኑ በአጭሩ ልናገር። ሆኔስ የተወለደው በጃንዋሪ 1952 በኡልም ከተማ ሲሆን፣ አባቱ ሥጋ ሻጭ ነበሩ። በ1970 ባየርን ሙኒክን ተቀላቀለ። በ1972 ከአገሩ ቡድን ጋር የአውሮፓ ዋንጫን፣ በ1974 የዓለም ዋንጫን አነሣ፤ ከክለቡ ጋር ደግሞ በ1974፣ በ1975 እና በ1976 በተከታታይ የአውሮፓ ክለቦች ሻምፒዮን ሆነ። በ1976 በቤልግሬድ በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የመታት የፍጹም ቅጣት ምት ከግቡ አግዳሚ በላይ እንደ ወጣች ብዙዎቻችሁ ታውቁ ይሆናል። የተጫዋችነቱን ዕድሜ ያሳጠረው ግን ያ ስሕተት አልነበረም። በ1975 በፓሪስ ከእንግሊዙ ሊድስ ጋር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ጉልበቱ ላይ የደረሰበት ጉዳት ነበር። በ1978 ለኑረንበርግ በውሰት ተሰጠ፤ በሃያ ሰባት ዓመቱም ኳስ መጫወቱ አበቃ።

ሜይ 1 ቀን 1979 የባየርን ሙኒክ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሥራ ጀመረ። በቡንደስሊጋው ታሪክ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዚያ ዕድሜ ሥራ አስኪያጅ የሆነ ሰው አልነበረም። ሹመቱ ግን ዝም ብሎ ለዝነኛ ሰው የተሰጠ ክብር አልነበረም፤ ክለቡ በቀውስ ላይ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ፕሬዚዳንቱ ቪልሄልም ኖይዴከር ማክስ መርክል የተባለውን አሠልጣኝ ሊያመጡ ሲያስቡ ተጫዋቾቹ አሻፈረኝ ብለው ነበር። ፕሬዚዳንቱም በዚሁ ምክንያት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የክለቡ ዕዳ ወደ 7 ሚሊዮን የጀርመን ማርክ ሲደርስ፣ የዓመት ገቢው 12 ሚሊዮን ማርክ ገደማ ነበር። ከዚህም ገቢ ትልቁ ድርሻ የሚገኘው ከስታዲየም መግቢያ ትኬት ሽያጭ ነበር። ይህን ቁጥር ልብ በሉት። ገቢው በትኬት ላይ የተንጠለጠለ ክለብ ሁለት ጨዋታ ሲሸነፍና ዝናብ ሲዘንብ ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል።

እንግዲህ አንድ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት፣ የሥራ አመራር ትምህርት ሳይኖረው፣ እንዲህ ያለውን ክለብ ሲረከብ ምን ይዞ ነው የገባው? በተጫዋቾቹ ዘንድ የታመነ ስም ይዞ ነው። ሴፕ ማየር፣ ፖል ብራይትነርና ካርል ሃይንዝ ሩመኒገ ትናንት አብረውት ልብስ ይቀይሩ የነበሩ ጓደኞቹ ነበሩ። በፕሬዚዳንቱ ላይ ያመፀ ቡድን ከእርሱ ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ ነበር። አንድ የባንክ ባለሙያ ይህን መተማመን ለማግኘት ዓመታት ይፈጅበት ነበር፤ ሆኔስ ግን በመጀመሪያው ቀን ይዞት ገባ። የስም ትርፉ ይህ ነው። ሌላ ነገር ግን በራሱ አያመጣም፤ ዕዳውን አይከፍልም፤ የገቢ ምንጭም አይፈጥርም።

ሆኔስ ያንን መተማመን በምን ላይ አዋለው? መልሱን ከሹመቱ በፊት ከተፈጸመ አንድ ጉዳይ ማየት ይቻላል። በ1978 ክለቡ ብራይትነርን ከብራውንሽቫይግ መልሶ ማምጣት ፈልጎ ገንዘብ አጥሮት ነበር። በዚያን ጊዜ ገና ተጫዋች የነበረው ሆኔስ በትውልድ ከተማው በኡልም ወደሚገኘው የጭነት መኪና አምራች ወደ ማጊሩስ ዶይትዝ ሄዶ ድርጅቱ የክለቡ ስፖንሰር እንዲሆን አግባባ። የድርጅቱ ስም በማሊያው ላይ ታተመ፤ ብራይትነርም ተመለሰ። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። በጀርመን ግን በማሊያ ላይ የንግድ ስም ማሳየት ከተጀመረ ገና አምስት ዓመቱ ነበር፤ ፈር ቀዳጁም በ1973 የአንድ መጠጥ አምራች ምልክት የለበሰው ያው ብራውንሽቫይግ ነው። ሆኔስ ማሊያ ጨርቅ ብቻ ሳይሆን የሚከራይ ቦታ መሆኑን ቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ ነበር።

ከሹመቱ በኋላም በዚሁ መንገድ ቀጠለ። ስፖንሰር፣ የክለቡን ምልክት የያዙ ዕቃዎች ሽያጭ፣ ከዚያም በ1980ዎቹ የግል ጣቢያዎች ወደ ገበያ ሲገቡ ዋጋው የናረው የቴሌቪዥን መብት፤ እያንዳንዳቸው ክለቡን ከትኬት ጥገኝነት የሚያላቅቁ ሆኑ። ይህ ሥራ በሜዳ ላይ አይታይም፤ ጭብጨባም የለውም። ነገር ግን በውጤት ላይ የማይንጠለጠል ገቢ ያለው ክለብ አሠልጣኙን በሁለት ሽንፈት አያባርርም፤ ምርጥ ተጫዋቹንም ደመወዝ ለመክፈል ብሎ በርካሽ አይሸጥም።

ስለ መሸጥ ካነሣሁ የ1984ቱን ውሳኔ መጥቀስ ይገባኛል። በዚያ ዓመት ባየርን የቡድኑ ዋና አጥቂ የነበረውን ሩመኒገን ከ10 ሚሊዮን ማርክ በላይ በሆነ ዋጋ ለጣሊያኑ ኢንተር ሚላን ሸጠ። ሩመኒገ ሁለት ጊዜ የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠ፣ የደጋፊው ዓይን ማረፊያ፣ የሆኔስም የቀድሞ የቡድን ጓደኛ ነበር። ደጋፊን የሚፈራ ሥራ አስኪያጅ ይህን አያደርገውም። ሆኔስ ግን ክለቡን ከዕዳ የሚያወጣው ይህ ሽያጭ መሆኑን አየ። በዚያው ክረምት ከሜንሽንግላድባህ ሎታር ማቴዎስን በጣም ባነሰ ዋጋ አስመጣ፤ ባየርንም 1985፣ 1986 እና 1987 በተከታታይ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። እዚህ ላይ ስሙ ሌላ አገልግሎት ሰጠ። የማይወደድ ውሳኔ ወስኖ በቦታው ለመቆየት የሚያስችል ትዕግሥት ገዛለት። ያው ውሳኔ ማንም በማያውቀው ሹም ተወስኖ ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያው ሽንፈት የሹመቱ መጨረሻ ሊሆን ይችል ነበር።

ይህን ስል የተጫዋችነት ልምድ ምንም ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ከሚነገርበት ቦታ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ የሚያነሣው «ተጫዋች ይለያል» የሚለውን ነው፤ ተጫዋች መምረጥ ግን ያልተጫወተ መልማይም የሚችለው ሙያ ነው። ያልተጫወተ ሰው በቀላሉ የማያውቀው የሥራው መጨረሻ ምን እንደሚመስል ነው። ሆኔስ በሃያ ሰባት ዓመቱ ጉልበቱ ከድቶት ከሜዳ ወጥቷል። በዚያ ዕድሜ ሌላው ሰው ሥራውን ገና ሲጀምር፣ ኳሰኛ ጡረታ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ከተጫዋች ጋር ውል ሲዋዋል ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚፈራ ያውቃል።

የገርድ ሙለር ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሙለር በ1974ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የድሉን ግብ ያስቆጠረ፣ በጀርመን ታሪክ ከታዩት ግብ አስቆጣሪዎች ሁሉ የላቀ አጥቂ ነበር። ከጨዋታ ከወጣ በኋላ ግን በአልኮል ሱስ ወደቀ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሆኔስና ሌሎች የቀድሞ ጓደኞቹ ደርሰውለት ሕክምና እንዲያገኝ ረዱት፤ ከዳነም በኋላ ክለቡ በወጣቶችና በሁለተኛው ቡድን አሠልጣኝነት ሥራ ሰጠው፤ በዚያም ለረጅም ዓመታት ሠራ። በሒሳብ መዝገብ ላይ ይህ ወጪ ነው። ነገር ግን በዚያ ክለብ ውል የሚፈርም ወጣት ተጫዋች ሁሉ፣ ከሜዳ ስወጣ ደጅ የሚጥለኝ ቤት አይደለም ብሎ እንዲያስብ አድርጎታል። ይህን ዓይነቱን ዋጋ ለማየት የተጫዋች ዓይን ይጠይቃል።

የጎደለውስ ምን ነበር? ሆኔስ የነጋዴ ተፈጥሮ ነበረው፤ በ1985 በኑረንበርግ ከሸሪኩ ጋር የቋሊማ ፋብሪካ አቋቁሞ አሳድጓል። ሆኖም ክለብ እየገዘፈ ሲሄድ ተፈጥሮ ብቻውን አይበቃም፤ ሒሳብ፣ ሕግና የውስጥ ሥርዓት ያስፈልጋል። ባየርን በ1983 ካርል ሆፕፍነር የተባለውን የአስተዳደር ባለሙያ ቀጠረ። ሆፕፍነር በሜዳ ስም ያልነበረው፣ በቴሌቪዥን ብዙም የማይታይ ሰው ነበር። የክለቡን የገንዘብ አስተዳደር ከሞላ ጎደል ሦስት ዐሥርት ዓመታት የመራው ግን እርሱ ነው። ስለ ባየርን ሲወራ ቤከንባወር፣ ሆኔስና ሩመኒገ ይነሣሉ፤ የቀድሞ ተጫዋቾች ክለቡን በሚገባ መሩት ይባላል። አዎን፣ መሩት፤ ግን ብቻቸውን አልመሩትም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ፣ ስም ያለው ሰው በሩን ሲከፍት፣ ሒሳብ የሚያውቀው ሰው ቤቱን ይጠብቅ ነበር። ይህን ሁለተኛ ሰው ሳንቆጥር የባየርንን ምሳሌ ለመቅዳት ብንሞክር ግማሹን ብቻ እንቀዳለን።

ወደ ዋናው ነጥቤ እገባለሁ። ስምን ወደ ተቋም መለወጥ ስል ምን ማለቴ ነው? በ1998 የጀርመን እግር ኳስ ክለቦች ሙያዊ ቡድናቸውን ወደ ኩባንያ እንዲለውጡ ተፈቀደ፤ ነገር ግን አባላት ያሉት ማኅበር ከድምፁ ግማሹንና አንድ ተጨማሪ ድምፅ በእጁ እንዲይዝ በሕግ ተወሰነ። ባየርን በ2002 የሙያ ቡድኑን ወደ አክሲዮን ማኅበር ለወጠ። አዲዳስ ከ70 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከፍሎ ባለ አክሲዮን ሆነ፤ በኋላም አውዲ 90 ሚሊዮን፣ በ2014 ደግሞ አሊያንዝ 110 ሚሊዮን ዩሮ ከፍለው ገቡ። ዛሬ ሦስቱ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው 8.33 በመቶ ይዘዋል፤ የቀረው 75 በመቶ ግን የአባላቱ ማኅበር ነው። ሕጉ ከሚያስገድደው በላይ ለአባላቱ መተዉን አስተውሉ። ክለቡ ከባንክ ከመበደር ወይም ራሱን ለአንድ ባለጸጋ ከመሸጥ ይልቅ ሩቡን ሸጦ ሦስት አራተኛውን አስቀረ።

የስታዲየሙም ነገር እንዲሁ ነው። በ2001 የሙኒክ ነዋሪዎች በሕዝበ ውሳኔ ከፈቀዱ በኋላ በ340 ሚሊዮን ዩሮ ወጪ የተሠራው አሊያንዝ አሬና በ2005 ተከፈተ። ግንባታውን ባየርንና የከተማው ሌላ ክለብ 1860 ሙኒክ እኩል ድርሻ ይዘው ጀመሩት፤ 1860 ግን የገንዘብ ችግር ስለ ገጠመው በ2006 ድርሻውን በ11 ሚሊዮን ዩሮ ለባየርን ሸጠ። ሁለት ክለቦች አንድ ከተማ፣ አንድ ስታዲየም፣ አንድ ዓመት ነበራቸው፤ የለያቸው ከስታዲየሙ በፊት የተሠራው የገቢ መሠረት ነው።

ሆኔስ በ2009 ሥራ አስኪያጅነቱን ሲያስረክብና ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ክለቡ 16 የሊግ ዋንጫ፣ 9 የጀርመን ዋንጫ፣ በ1996 የዩኤፋ ካፕ፣ በ2001 ደግሞ የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አግኝቶ ነበር። በዓመት 12 ሚሊዮን ማርክ፣ ማለትም ወደ 6 ሚሊዮን ዩሮ ያገኝ የነበረው ክለብ ከ250 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሚያገኝ ሆኗል። የዋጋ ንረትና የቴሌቪዥን ገበያ ዕድገት ድርሻ እንዳላቸው አልክድም። ነገር ግን ያ ገበያ ለሁሉም የጀርመን ክለቦች ተከፍቶ ነበር።

ስለ ተቀናቃኞች ሲነሣ ምስሉ ይወሳሰባል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ በኪሳራ አፋፍ ላይ በነበረበት ወቅት ባየርን 2 ሚሊዮን ዩሮ አበድሮታል። በ2003 የሐምቡርጉ ሳንክት ፓውሊ ሊፈርስ ሲል ሄዶ ለእርዳታ ጨዋታ ተጫውቷል። ተጋጣሚ የሌለው ሊግ ዋጋ እንደሌለው ሆኔስ ተረድቶ ነበር። በሌላ በኩል የተፎካካሪዎቹን ምርጥ ተጫዋቾች እየገዛ ያዳክማል የሚለው ወቀሳ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2003 ደግሞ ክለቡ ከኪርሕ የቴሌቪዥን ኩባንያ ጋር ሌሎቹ ክለቦች የማያውቁት የተለየ ውል እንደነበረው ተጋለጠ፤ ጉዳዩም ባየርን ገንዘብ ከፍሎ በስምምነት ተዘጋ። የአንድ ሰው ደግነት የሕግን ቦታ ሊተካ እንደማይችል ይህ ማስረጃ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ለመናገር የሚከብድ ቢሆንም ለትምህርታችን ከሁሉ የሚጠቅመው ነው። በ2013 ሆኔስ በስዊዘርላንድ ባንክ ባለው የግል ሒሳብ ግብር እንደ ሰወረ ይፋ ሆነ። ማርች 13 ቀን 2014 የሙኒክ ፍርድ ቤት 28.5 ሚሊዮን ዩሮ ግብር በመሰወር ጥፋተኛ ብሎ የሦስት ዓመት ከስድስት ወር እሥራት ፈረደበት። በማግሥቱ ይግባኝ እንደማይጠይቅ አስታውቆ ሥልጣኑን በሙሉ ለቀቀ። ገንዘቡ የክለቡ አልነበረም፤ ወንጀሉም በግል ሒሳቡ የተፈጸመ ነበር።

ታዲያ ለክለብ አስተዳደር ምን ያስተምረናል? ትምህርቱ ያለው ጉዳዩ በተጋለጠበትና ፍርዱ በተሰጠበት መካከል ባለው አንድ ዓመት ነው። በሜይ 2013 ሆኔስ ኃላፊነቱን ለመልቀቅ ሐሳብ አቀረበ፤ የተቆጣጣሪ ቦርዱ ግን እንዲቆይ ወሰነ። በዚያ ቦርድ ውስጥ የነበሩት የአዲዳስ፣ የአውዲ፣ የፎልክስቫገንና የዶይቸ ቴሌኮም ከፍተኛ ኃላፊዎች ነበሩ። በየራሳቸው ኩባንያ አንድ ሥራ አስኪያጅ በእንዲህ ያለ ክስ ቢጠረጠር ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያዳግትም። እዚህ ግን የሰውየው ስም ከደንቡ በለጠ። አባላቱም በዚያው ዓመት መጨረሻ በጠቅላላ ጉባኤው ቆመው አጨበጨቡለት። ቀደም ሲል ስም ራሱን መቆጣጠር አይችልም ያልሁት ይህን ነው። ስሙ ራሱን አለመቆጣጠሩ ብቻ ሳይሆን፣ ሊቆጣጠሩት የተቀመጡትንም አለዘባቸው።

የታሪኩን ሁለተኛ ገጽ ካላነበብን ግን ፍርዳችን ይጎድላል። ሆኔስ እሥር ቤት ሲገባ ክለቡ አልተናጋም። ያ ዝምተኛ የሒሳብ ሰው፣ ሆፕፍነር፣ ፕሬዚዳንት ሆነ። ቡድኑ በቀጣዮቹ ዓመታትም ሻምፒዮን መሆኑን ቀጠለ። በኖቬምበር 2014 ክለቡ የስታዲየሙን ዕዳ ከታቀደው 16 ዓመት ቀድሞ ከፍሎ መጨረሱን አስታወቀ። ለዚህም የጠቀመው የአሊያንዝ የአክሲዮን ገንዘብ ነው። ስታዲየሙ እንዲሠራ ከታገሉት ሰዎች ቀዳሚው በእሥር ቤት እያለ ዕዳው ተከፍሎ አለቀ። ለአንድ አመራር ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት አላውቅም፤ ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይልቅ የሆኔስን ሥራ የምለካው በዚህ ነው።

ስም ተቋም ከሆነ በኋላ የመጨረሻው ሥራ መሄድ ነው፤ ይህም ከሁሉ የሚከብድ ይመስላል። ሆኔስ በፌብሩዋሪ 2016 ተፈትቶ በዚያው ዓመት ኖቬምበር እንደገና ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በኦክቶበር 2018 ከሩመኒገ ጋር ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ስለ ሰብአዊ ክብር እየጠቀሰ ፕሬሱን ወቀሰ፤ በዚያው መግለጫ ላይ ግን ቀድሞ የክለቡ የነበረን ተጫዋች በብርቱ አጣጣለ። ከአንድ ወር በኋላ በጠቅላላ ጉባኤው አንድ ተራ አባል ቆሞ በግልጽ ተቸው፤ ከአዳራሹም የተቃውሞ ድምፅ ተሰማ። በ2019 ከፕሬዚዳንትነቱ ወረደ፤ የተካው የአዲዳስ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ኸርበርት ሃይነር ነው። ሆኔስ ግን ከተቆጣጣሪ ቦርዱ አልወጣም። የቦርዱን ኩባንያዎች ድፍረት ያሳጣቸውን ነገር አንድ ተራ አባል በማይክሮፎን ፊት መናገሩን ልብ በሉ። 75 በመቶውን ለአባላቱ ያስቀረው ውሳኔ ትርጉሙ ያን ቀን ታየ።

ተከታዩ ትውልድም ሌላ ትምህርት ሰጥቶናል። የቀድሞው ግብ ጠባቂ ኦሊቨር ካን በ2021 የክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። ከሆኔስ በተለየ፣ ካን ከሜዳ ከወጣ በኋላ የሥራ አመራር ትምህርት ተከታትሏል። ሆኖም ሜይ 27 ቀን 2023፣ ቡድኑ የሊጉን ዋንጫ ባነሣበት ዕለት፣ መሰናበቱ ተነገረ። የተተካውም ከባንክ ሥራ በመጣው የገንዘብ ኃላፊ በያን ክርስቲያን ድሬሰን ነው። ካን ስም ነበረው፤ ትምህርትም ነበረው። ሆኔስ የነበረው፣ እርሱ ግን ያልነበረው፣ ጊዜ ነው። ሆኔስ 12 ሚሊዮን ማርክ በሚያገኝ ክለብ ሥራውን እየሠራ ተማረ፤ ካን ግን ያለቀ ቤት ተረክቦ፣ የቤቱ ሠሪዎች ገና ከበላዩ ተቀምጠው ነበር።

ባየርንን ብቻ እንዳላይ አንድ ማነጻጸሪያ ልጨምር። በአምስተርዳሙ አያክስ በ2010 እና በ2011 ዮሃን ክራይፍ ክለቡ በቀድሞ ተጫዋቾች እጅ መመራት አለበት ብሎ ተነሣ፤ አሸነፈም። ግብ ጠባቂው ኤድዊን ቫን ደር ሳር በ2012 የገበያ ሥራ ዳይሬክተር፣ በ2016 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። ማርክ ኦቨርማርስ የቴክኒክ ዳይሬክተር ነበር። በ2019 አያክስ ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሊደርስ ጥቂት ሰከንዶች ቀርተውት በቶተንሃም ተሸነፈ፤ የሠራው ሥራ ግን ዓለምን አስደነቀ። በፌብሩዋሪ 2022 ኦቨርማርስ ለሴት የሥራ ባልደረቦቹ ይልካቸው በነበሩ ያልተገቡ መልእክቶች ምክንያት ክለቡን ለቀቀ፤ በ2023 ቫን ደር ሳርም ሥልጣኑን አስረከበ። እዚህም የምናየው ያንኑ ሁለት ገጽ ነው። የተጫዋቾች አመራር ወደ ከፍታ አወጣ፤ «አይሆንም» የሚል ቁጥጥር ባልነበረበት ቦታ ደግሞ የተጎዱት ድምፅ ያልነበራቸው ሠራተኞች ሆኑ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይነግረናል? በአገራችን ከሜዳ ወደ አመራር የመሄድ ታሪክ አዲስ አይደለም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ፤ አፍሪካዊው ኮንፌዴሬሽን በ1957 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1987፣ በፕሬዚዳንትነት መሩት። እርሳቸው የመሩት ክለብ ሳይሆን የአህጉር ተቋም ነው፤ ነገር ግን ስም ወደ ተቋም ሊለወጥ እንደሚችል ከሙኒክ በፊት ከአዲስ አበባ ማስረጃ ነበረን። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ብሂል ለእርሳቸው የተገባ ነው። ስማቸው የዋለው ግን በዝና ብቻ ሳይሆን በሠሩት ቤት ላይ ነው።

በክለቦቻችን ደረጃ ግን ጥያቄው ገና ክፍት ነው። አብዛኞቹ የሊጋችን ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች» ይባላል። በጀት ሲመጣ ተጫዋች ይሰበሰባል፤ በጀት ሲዘገይ ደመወዝ ይቆማል፤ ሹም ሲለወጥ ዕቅዱም ይለወጣል። በ1979 የባየርን ጥገኝነት በትኬት ላይ ነበር፤ የእኛ በበጀት ላይ ነው። ምንጩ ቢለያይም ሕመሙ አንድ ነው። እንዲህ ባለ ክለብ አንድ ስመ ጥር የቀድሞ ተጫዋች ቢሾም፣ ስሙ ለጊዜው ደጋፊውን ያረጋጋል፤ የሚያስተዳድረው የራሱ ገቢ ከሌለው ግን ብድሩ በአንድ የውድድር ዘመን ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚወቀሰው እርሱ ነው።

ስለዚህ የቀድሞ ተጫዋች ለአመራር ሲታጭ ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ከጎኑ ማን ይቀመጣል? ሒሳብና ሕግ የሚያውቅ፣ ሥልጣኑ በጽሑፍ የተወሰነለት ሰው ከሌለ ሹመቱ ጌጥ ነው። ሁለተኛው፣ ምን ያህል ጊዜ ይሰጠዋል? ሆኔስ ዕዳውን ለመክፈል አምስት ዓመት ፈጅቶበታል፤ እኛ አምስት ወር የምንሰጥ ከሆነ ሳንጀምር መተው ይሻላል። ሦስተኛው፣ «አይሆንም» የሚለው ማን ነው? ከሹሙ ስፖንሰርነት የማይጠብቅ፣ ሥራውም በእርሱ ፈቃድ ላይ ያልተመሠረተ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። የክለቦቻችን ትልቁ ያልተነካ ሀብት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደጋፊዎቻችን መዋጮ ይከፍላሉ፣ ስታዲየም ይሞላሉ፣ ይዘምራሉ። መዝገብ ያለው፣ ድምፅ የሚሰጥ፣ ሒሳብ የሚጠይቅ አባልነት ሲያገኙ ደግሞ ክለቡ የራሱ ጌታ ይኖረዋል።

ለተማሪዎቻችን አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ከመካከላችሁ ኳስ የምትጫወቱ ትኖራላችሁ፤ ሒሳብ፣ ሕግና አስተዳደር የምታጠኑም አላችሁ። አሁን በተለያዩ ክፍሎች ተቀምጣችኋል፤ ነገ ግን በአንድ ጽሕፈት ቤት ትገናኛላችሁ። የተጫወተው ያልተጫወተውን «ኳስ አታውቅም» ብሎ፣ የተማረው ያልተማረውን «ሒሳብ አታውቅም» ብሎ ከጀመራችሁ ክለቡ ሁለታችሁንም ያጣል። ከሁለቱ አንዱ በሩን ይከፍታል፤ ሌላው ቤቱን ይጠብቃል። ሁለቱም የሚሠሩት ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ ቆሞ ለሚጠይቀው አባል ነው።